አልጠራ ያለኝ ውሃ

ውሃ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም እያልኩ ተማሪ ሳስተምር ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ባለው የመስታወት ገንዳ የተቀመጠው ውሃ ግን ቀለም አለው፤ ሽታም አለው። ጣዕሙንም ቢሆን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በጎማ ቱቦ ስቤ ላወጣው ስል ስንት ቀን አፌ ውስጥ ገብቷል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ። ዘንድሮ አንድ ክንድ ተኩል የማይሞላ ውሃ ማጥራት አቅቶኝ ጨጓራዬን ስልጥ ከረምኩ።

ገንዳውን የተወልኝ ወደ ባሕር ዳር የተዛወረ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ዕቃውን አይሱዙ ላይ ሲያስጭን መስታወቱን አየት አደረገና «ይኼ ደምበጫ ሳይደርስ ይሰበራል፤ አንተ ውሰደው» አለኝ። ውስጡ ሦስት ወርቃማ ዓሦች ነበሩ፤ ሁለቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀሉ፣ አንዱ ነጭ ነቁጥ ያለበት ትንሽ። እኔ ዓሣ የማርባት ፍላጎት ኖሮኝ አያውቅም። የወሰድኩት ለእናቴ ብዬ ነው።

አባቴ ያረፈው ኅዳር ላይ ነው። አርባውን አውጥተን እናቴን መርጡለ ማርያም አጠገብ ካለው ቤቷ ይዣት መጣሁ። እሷ ግን መጣሁ አላለችም። «እስከ ፋሲካ እቆይላችኋለሁ» ነው ያለችው። ጉልበቷ ታማሚ ነው። ባለፈው ክረምት ምንጭ ወርዳ ስትመለስ ተንሸራታ ወድቃ፣ አላፊ አግዳሚ እስኪያነሳት ድረስ ጭቃ ላይ ተኝታ ቆይታለች። ያኔ እንኳ ቤት ውስጥ አባቴ ነበረ። አሁን ያ ቤት ባዶ ነው። ተመልሳ ብትገባና ብትወድቅ የሚሰማት የለም። ከፋሲካ በኋላ እንዳትሄድ ማድረግ፣ የዘንድሮ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ችግሩ ከተማ ቤት ውስጥ ለእሷ የሚሆን ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እሷ ጠዋት ስትወጣ እኔም እወጣለሁ፣ የምንመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባለቤቴ አክባሪ ሰው ናትና «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ» እያለች ዕቃ እንኳ አታስነካትም። ምሳዋን በሰሃን አቅርባ፣ ከድና ትሄዳለች። እናቴም ከበሩ ትይዩ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና፣ አንድ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ዓሦቹ የመጡ ዕለት ግን በርጩማዋን አንሥታ ገንዳው ሥር ተቀመጠች። ትንሹ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየችው። «ኧረግ! ይኼ ደግሞ ዳዊት ይደግማል መሰል!» ብላ ሳቀች። አባቴ ከሞተ በኋላ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ እነዚህ ዓሦች እየታዩ እስካሉ ድረስ እናቴ አትሄድም።

እየታዩ እስካሉ ድረስ። አሥር ቀን አልቆዩም፣ ውሃው ደፈረሰ። በጠዋቱ ጭጋግ መሰለ፣ በማግስቱ የቡኮ እጣቢ ሆነ። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «የት ገቡ?» ትላለች። እኔም እጅጌዬን ጠቅልዬ ገባሁበት። ውሃውን አንድም ሳላስቀር ደፋሁ፣ መስታወቱን በበረኪና ፈተግሁ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ጨምቄ ጨምቄ አዲስ አስመሰልኩት። ከዚያ በቀጥታ ከቧንቧው ሞላሁና ዓሦቹን መለስኩ። እንዲያ የጠራ ውሃ አይቼ አላውቅም። ወገቤን ይዤ ቆሜ አደነቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ከቀድሞው የባሰ ነጭ ሆነ። በአራተኛው ቀን ያ ዳዊት ደጋሚው ትንሹ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ተገኘ።

ባሕር ዳር ደወልኩ። ባልደረባዬ የሠራሁትን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «አንተ ግን የኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው፣ በረኪናና የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ምን እንደሚያደርግ ለተማሪ ፈተና አድርጌ የማወጣው እኔው ነኝ። «ስፖንጁን ደግሞ እንደ እርሾ ቁጠረው» አለኝ። «ያ የምትጠየፈው ልጋግ የዓሦቹን ኩስ የሚበላ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርሾ ይታጠባል እንዴ? ካረጀው ውሃ ቀንስና በዚያው ጨመቅ አድርገው፣ በቃ።» ስልኩን ዘግቼ በራሴ ተበሳጨሁ። መበሳጨት ብቻ አይደለም፣ አፈርኩ።

እናቴ ዓሣውን በጨርቅ ጠቅልላ ጓሮ ካለው ጌሾ ሥር ቀበረችው። ስትመለስ እጇን እየታጠበች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ሞት ተከትሎኝ መጣ መሰለኝ። ፋሲካ ሲያልፍ ልግባ ልጄ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃ ባሪያ ሆንኩ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ባልዲ ውሃ ሁልጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተከፍቶ ይቀመጣል። ባለቤቴ በባልዲ ተሰናክላ ያልወደቀችበት ሳምንት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሶውን በቱቦ ስቤ አወጣለሁ፣ የቆየውን ውሃ እተካለሁ። ፀሐይ እንዳይመታውና አረንጓዴ እንዳይሆን ገንዳውን ከመስኮቱ አርቄ፣ ሳሎኑ መካከል በወንበርና በመኝታ ቤቱ መግቢያ መሀል ጎለትኩት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ያኔ እኔ የፓምፑ ተተኪ ነኝ፣ በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ አንጠባጥባለሁ። መኖውን በቁንጥር፣ ጠዋት ብቻ፣ በእጄ እሰጣለሁ። ሌላ ሰው እንዳይነካ አዘዝኩ። ውሃውም ይኼን ሁሉ ልፋቴን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በየሳምንቱ አጋማሽ ይደፈርሳል።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል እናቴ የመኖውን ቆርቆሮ አገላብጣ አይታ «ይኼ ከምን ከምን የተሠራ ነው?» አለችኝ። አነበብኩላት። የዓሣ ዱቄት፣ ስንዴ፣ ምናምን።

«የምን ዱቄት?»

«የዓሣ።»

«ዓሣን ዓሣ ታበላለህ? እሱስ ይሁን፤ በሁዳዴ?»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እኔም ነገሩን እዚያው ረሳሁት። አሁን ሳስበው፣ ከዚያች ቀን የበለጠ ልሰማት የሚገባኝ ቀን አልነበረም።

የሁዳዴ ውሃ የዓመቱ ክፉ ውሃ ነበረ። ጠዋት ደህና ትቼው እሄዳለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ፤ መቼ መብራት ጠፋ፣ መቼ ቧንቧ መጣ፣ ስፖንጁ መቼ ተጨመቀ። ከቤተ ሙከራ የአሲድ መለኪያ ወረቀት እየያዝኩ እመጣለሁ። ደብተሩ የነገረኝ ነገር ቢኖር ምንም እንዳልገባኝ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቧንቧውን፣ አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን፣ አንድ ጊዜ ገንዳውን የሰጠኝን ሰውዬ እረግማለሁ።

ትምህርት ቤት ደግሞ መሳቂያ ሆንኩ። እኛ ስድስት አስተማሪዎች ምሳ የምንበላው በመምህራን ክበብ ውስጥ ነው፤ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን አንድ ትሪ ላይ ይገለብጥና አብረን እንቆርሳለን። አንዱ ከክፍል ሳይወጣ ከዘገየ ሌሎቻችን እጃችንን ታጥበን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ትሪው እንደተከፈተ ጥያቄው አንድ ነው። «ዛሬስ ጠራ?» የባዮሎጂው ባክቴሪያ ነው ይላል። የሒሳቡ «ጠብሰህ ተገላገል» ይላል። የታሪኩ አስተማሪ ጉርሻ ጠቅልሎ አፌን ይዘጋዋል። እኔ እየሳቅሁ፣ ውስጤ ግን እያረረ እበላለሁ። ፋሲካ በየቀኑ ይቀርባል፤ እናቴ ከዓሦቹ ይልቅ ጭጋጉን ነው የምታየው።

አንድ ቅዳሜ ማጠናከሪያ አስተምሬ ወደ ቤት ስመጣ ግቢው በጭስ ታፍኗል። እሳት የተነሣ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። እናቴና ጎረቤታችን፣ አንዲት ጠንካራ ሴት፣ ጓሮ ውስጥ ቆመዋል። ገንዳው በአፉ ተደፍቶ የወይራ ጭስ ይጠጣል። አጠገቡ የተጨመቀ የግራዋ ቅጠል ተቆልሏል። ዓሦቹ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ይዞራሉ።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«በረኪናህ መርዝ ነው፤ ልጁን ገደለው። ግራዋ ምን ይለዋል? ስንት ዘመን ጋን ያጠብኩበት እኮ ነው» አለች፣ ኮራ ብላ።

«ጠላ ልትጠምቂበት ነው እንዴ?»

ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ ሳቋን ዋጠች። እኔ ደሜ ፈላ። ገንዳውን ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። ዓሦቹ ግን ተረፉ። የተረፉትም ስፖንጁን ስላልነካችው ነው። እርሾ ነው ብዬ ነግሬያት ስለነበር፣ ከነውሃው በጣሳ ለይታ አስቀምጣው ነበር። እርሾ መጠበቅ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በሳምንቱ ውሃው እንደ ልማዱ ነጣ።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። እናቴ በበዓሉ ዕለት ስለ መሄድ አላነሣችም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። የበዓሉ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን አዲስ ነገር አየሁ። የውሃው ገጽ ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚያብለጨልጭ ነገር ተንሳፍፏል፤ ቀላ ያለ፣ ወርቃማ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። ቅቤ ነው። የተነጠረ፣ ኮረሪማ ያለበት ቅቤ። ከሥሩም በርበሬ።

ሃያ አምስት ዓመት ያስተማርኩት ኬሚስትሪ ዶሮ ወጥ ውሃ ላይ እንዴት ሊበቅል እንደሚችል አይነግረኝም። ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ «እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ሳሎንህን እንኳ ከፈራሁት ቆየሁ» አለችኝ። እናቴን ልጠይቅ ዞር ስል እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓሮ ወጣች። ደብተሬን ከፈትኩ። በሁዳዴ ነጭ፤ ከፋሲካ ወዲህ ቅባት። ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ አላምን አልኩት።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሲደወል ባልደረቦቼን አትጠብቁኝ ብዬ በባጃጅ ቤት መጣሁ። በሩን ሳልነካ በመስኮቱ ተመለከትኩ።

እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሰሃኗን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከእንጀራው ቆረስ አደረገች፣ ወጥ አስነካች፣ ከጫፉ ምስር የምታህል ቆርጣ ውሃው ውስጥ ጣለች። ዓሣው መጥቶ ዋጣት። ያኔ የቀረውን እሷ ጎረሰች። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ደግማ ቆረሰች። «አንተ ደግሞ ምነው አፈርክ? በል እንጂ። በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። ይኼን ቃል አውቀዋለሁ። አባቴን በአንድ መሶብ ዙሪያ ዕድሜ ልኳን እንዲህ እያለች ነው ያበላችው።

ይኼን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ንዴቴ ቀደመኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«እማዬ! አራት ወር ሙሉ! ወገቤ እስኪጎብጥ ውሃ ስሸከም፣ በጣሳ ሳንጠባጥብ፣ ሰው መሳቂያ ሲያደርገኝ፣ አንቺ ነሽ?»

ደንግጣ ልትነሣ ስትል ሰሃኑ ዘመመ፤ ወጡ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ጥፋት ሲሠራ እንደተያዘ ልጅ ነው ያየችኝ።

«ዓይናቸውን ተክለው እያዩኝ እንዴት ብዬ ብቻዬን ልዋጠው ልጄ?»

«ዓሣ ናቸው! ዓሣ እኮ ነው እማዬ!»

«ይራባቸዋላ።»

«ጠዋት እሰጣቸው የለም እንዴ?»

አቀረቀረች። «ያንንማ በሁዳዴ አንተ ስትወጣ ከላይ ከላይ በጭልፋ እያወጣሁ እደፋው ነበር። በበሶ ነው ያጾምኳቸው። በሶ ምን ያደርጋል ብዬ።»

በሶ! ደብተሬ ላይ ያለው ነጭ ነጭ ሁሉ በሶ ነው። ቧንቧውን የረገምኩት፣ ወረቀት የነከርኩት፣ እንቅልፍ ያጣሁት ለበሶ ነው። መሳቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር። አልሳቅሁም። አስተማሪ ነኝና አስተማርኳት። ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር፣ ቅንጣት እንኳ፣ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፤ የሚገድላቸው ይኸው እንደሆነ፤ ትንሹንም የገደለው ይኼ ሊሆን እንደሚችል። የመጨረሻው ውሸት ነው፤ የገደለው በረኪናዬ ነው። አፌ ላይ መጣልኝና ተናገርኩት።

«እሺ ልጄ። አላወቅሁም» አለችና ሰሃኗን ከደነችው።

ውሃው ጠራ። በሳምንቱ ጠራ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ያለም እስከማይመስል ድረስ ጠራ። ዓሦቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። የጅራታቸው ክር እንኳ ይቆጠራል። ፎቶ አንሥቼ ባሕር ዳር ላክሁ፤ «ከእኔ ዘመን ይሻላል» ብሎ መለሰልኝ። ክበቡ ውስጥ ትሪው ሳይከፈት ስልኬን አሳየኋቸው፤ የሒሳቡ እንኳ እጁን ሰጠ። እንደዚያን ሰሞን ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ባለቤቴ አንድ ቀን መሶቡን ከፍታ «እንጀራው አያልቅም» አለች። «እማማ ምሳ ይበላሉ?»

«ጠይቂያታ።»

«በላሁ ይሉኛል።»

«ከበላች በላች ነው» አልኳት። ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር። እናቴ መቀነቷን አንድ ዙር ጨምራ መታጠቅ መጀመሯን አይቼ ነበር። ዕድሜ ነው፣ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ልብሷን አጥባ በአንሶላ ጥቅል አድርጋ፣ «ልጄ፣ ክረምቱ ሳይገባ መኪና ፈልግልኝ» አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። «ለምን? ውሃው እኮ ጠርቷል! ይኼው ይታያሉ! ለማን ብዬ ነው የለፋሁት?»

«ጠርቷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን እነሱም ደህና አድርገው ያዩኛል» አለች። እኔም አልገባኝም፤ ተናድጄ ወጣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ባልዲና ቱቦዬን ይዤ ገንዳው ሥር ተንበረከክሁ። ቱቦውን አፌ ላይ አድርጌ ልስብ ስል በውሃው ውስጥ አሻግሬ አየሁ። ከወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። የእናቴ በርጩማ ከዓሦቹ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ከበርጩማው አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ የትናንት ምሳዋ ሰሃን አለ። ክዳኑ ሸርተት ብሏል። እንጀራው ባለቤቴ እንዳጠፈችው ነው፤ ጫፉ ደርቆ ተጠቅልሏል። አንድም ቦታ አልተቆረሰም።

ቱቦው ከአፌ ወደቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ልትበላ ሞክራለች ማለት ነው። ከጀርባዋ ሆነውም እያዩዋት አልወርድ ብሏታል።

እኔ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ምሳ በልቼ አላውቅም። ባልደረቦቼ የሌሉ ቀን ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍተው ይዤው የምመለስ ሰው ነኝ። እናቴን ግን ከአባቷ ማዕድ ወደ አማቶቿ፣ ከአማቶቿ ወደ አባቴ መሶብ ስታልፍ አንድ ቀን ብቻዋን ያልበላችውን ሴት፣ ከተከደነ ሰሃንና ከግድግዳ ሰዓት ጋር ዘግቼባት እየሄድኩ፣ አንድ አብሮ በላ ብታገኝ ጮኼ ነጠቅኋት። ለውሃ ብዬ። በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም፤ በቧንቧውም ቢሆን።

ሰኞ የምሳ ሰዓት ሲደወል ባጃጅ ይዤ መጣሁ።

«ምነው? ታመምክ?» አለችኝ።

«ርቦኝ ነው።»

እጄን ታጥቤ በርጩማውን ወደ ቦታው መለስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰሃኑን ከፈትኩት። ቆረሰች፤ ግን እጇ ሰሃኑ ላይ እንዳለ ወደ ገንዳው በጎን አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ ዓይኗን ሰበረች። አልደፈረችም። እኔው ከእንጀራው ጫፍ ምስር የምታህል ቆርጬ ውሃው ላይ ጣልኩ። ሁለቱም እየተጋፉ መጡ። ትልቁ ቀደመ።

«ለዚያኛውም እንጂ! አዳላህ!» አለች እናቴ። ለዚያኛውም ጣለችለት። ከዚያ ዶሮ የምታህል ጉርሻ ጠቅልላ፣ «በሞቴ» ብላ አፌ ውስጥ ከተተችው። እሷም ሰሃኑ ነጭ እስኪሆን በላች። እኔ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዘግይቼ ደርሼ ከርዕሰ መምህሩ ተግሣጽ ጠጣሁ።

ያ ጥቅል ልብስ አሁንም አልጋዋ ሥር ነው፤ አልፈታችውም። ትቀመጫለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አሁን የምትለው «ፍልሰታን እዚያው ሀገሬ እጾማለሁ» ነው። እኔም እሺ እላለሁ፤ ባለቤቴም እሺ ትላለች። ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን እኔ፣ ፈረቃዋ ሲፈቅድ ደግሞ ባለቤቴ ለምሳ እንመጣለን። ሁለታችንም የማንመጣበት ቀን አለ። ትንሹን የገደለው በረኪናዬ እንደሆነም ነግሬያታለሁ፤ «እሱንማ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለችኝ። ውሃውም እንደ በፊቱ በሳምንቱ አጋማሽ ይደፈርሳል፤ ባልደረቦቼ «ዛሬስ ጠራ?» ይላሉ፤ ወገቤን ያመኛል፤ ባልዲዎቹ አሁንም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ባለቤቴም ሥራ ላይ ዋለች። ቀኑን ሙሉ ያ የተከደነ ሰሃን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ የፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አሳስቼ አደልኩ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እናቴን እንኳ እንዴት ዋልሽ ሳልል፣ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ደፍርሷል። ከታች ጥጉ ላይ ዓሦቹ ጠግበው የተውት የእንጀራ ቁራሽ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና፣ እየተነጫነጭኩ ባልዲውን ላመጣ ሄድኩ።